ለራስ ቤት አይጮኽም

የአገራችንን ስም አልጠራም። ጠላት ፈርቼ አይደለም፤ ጠላትማ ሞልቶኛል። ሰው የአገሩን ስም ጠርቶ ስለ ገዛ አገሩ አቤት ካለ ለራሱ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ለራስ እንደ መጮኽ ያለ ነውር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ደን የሚጀምረው ከሰው ጓሮ ነው። ጃርት ድንቹን ይቆፍራል፤ ዝንጀሮ በቆሎውን ይሸለቅቃል፤ ከርከሮ የቀረውን ይገለብጣል። ድብ ግን እንደ ባለቤት በበር ገብቶ፣ እንደ ባለቤት በበር ይወጣል። በአባቶቻችን ዘመን አውሬ የገባበት ሁሉ ለራሱ ኡኡ ይል ነበር አሉ። አንዱ ጃርት ለበላው ድንች "ድብ ገባብኝ!" ብሎ ያብዳል፤ ሌላው ምንም ሳይገባበት፣ ለጎረቤቱ ሰው ሲሮጥለት አይቶ ቀንቶ ይጮኻል። ኋላ ማንም ለማንም የማይሮጥ ሆነ። ያኔ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና፣ "ለራሱ የሚጮኽ ይዋሻል፤ ለጎረቤቱ የሚጮኽ ግን ምን አገኛለሁ ብሎ ይዋሻል?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤትህ ድብ ሲገባ አፍህን ትዘጋለህ። ኮቴህን አጥፍተህ ጎረቤትህ ዘንድ ትሄድና ቀስ ብለህ በጆሮው ትነግረዋለህ። የሚጮኸው እሱ ነው። ጎረቤት ከጮኸ ያ ቤት አውሬ አለበት፤ ክርክር የለም፤ ዱላ ያለው ዱላውን፣ ገጀራ ያለው ገጀራውን ይዞ ይሮጣል። ጎረቤት ጮኾ ቤቱ ውስጥ አውሬ ታጣ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ደንቡን አልጠላውም። አራተኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን ሲያስረዱን ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። አንድ እንከን ብቻ አለው፤ ጎረቤት ይፈልጋል።

የእኔ ቤት የመንደሩ መጨረሻ ነው። በአንድ በኩል ደኑ አለ፣ በሌላው በኩል ጉልላት አለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ኖሮ ግቢዬን ወደ ደኑ አስጠጋው ነበር።

ጉልላት ሚስት የለውም። ድምፁን ማን ችሎት ይኖራል! እንደ በሬ ያለ ጉሮሮ ነው ያለው። "ጤና ይስጥልኝ" ሲል ዶሮ ከቆጥ ይወርዳል። በዚህ በድምፁ ምክንያት የመንደራችን ዋና ጯኺ ተብሎ ቀይ መቀነት ታጥቋል። መቀነቱ ለእኔ ይገባ ነበር አልልም። ሰው ለራሱ አይጮኽም። ግን ለምን እንዳልደረሰኝ ልንገራችሁ።

በየዓመቱ ከመከር በኋላ የጩኸት ፈተና አለ። ከላይ የጩኸቱ አለቃ፣ አፈ ጩኸት የሚባሉት ሹም፣ ይመጣሉ፤ በወንበር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ጩኸት ይሰማሉ። ጎልማሳ ሳለሁ እኔም ወጣሁ። ሌሊቱን ሁሉ በልቤ ስለማመደው አድሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ "የጎረቤቴ ቤት ድብ ገባበት!" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ አልክድም። ከኋላ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ጉልላት፣

"ኧረ በሕግ አምላክ! ይኼ ድምፅ ድብ አያባርርም፤ ድብ ያስተኛል!" አለ።

ሕዝቡ መሬት ላይ ተንከባለለ። አፈ ጩኸት ራሳቸው ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ባርኔጣቸውን ያነሳሁላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "እሹሩሩ" ነው። ገበያ ስወጣ እሹሩሩ። ውሃ ስወርድ እሹሩሩ። ለቅሶ ቤት ስገባ አንዱ "እሹሩሩ መጣ" ይልና አልቃሿ ሳቋን በነጠላዋ ትይዛለች። መንደሩ ያወጣልኝን ስም እናትና አባቴ ቢሰሙት ኖሮ ለራሳቸውም ቢሆን ይጮኹ ነበር።

ከጉልላት ጋር ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ውሾቻችን ግን ተለዋውጠዋል፤ ይኼ ግዴታ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ውሻህ አንተ ቤት በልቶ አንተ ቤት ከጮኸ፣ አንተው ለራስህ አስጮኽክ ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ ውሻ ቡላ እሱ ግቢ፣ የእሱ ውሻ እኔ ግቢ ይታሰራሉ። የእሱን ውሻ እንደ ጠላት ልጅ ነው ያሳደግኩት፤ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ለመጮኽ ሲነሳ ግድግዳ ይደገፋል። የእኔው ቡላ እዚያ ሰብቶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየኝ ጥርሱን ያሳየኛል።

እንግዲህ ልጄ ስንዱ ለወንዝ ማዶ ሰዎች ታጨች። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናትና አባቴ ባወጡልኝ ስም ብቻ ነው የሚያውቁኝ። "አቶ" ብለው ይጀምራሉ። ሽማግሌ የላኩ ቀን ስሜን ሲጠሩት፣ እኔን መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ዘገየሁ።

ለሰርጉ ጠጅ የሚሆን ማር ከዓመት በላይ አጠራቅሜ ጓዳ አስቀምጫለሁ። ማድጋው ሁሉ ሞልቷል፤ አንድ ቅል ደግሞ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ አምሳለ፣

"ይቺ ማር ከተነካች ልጄን ሳይሆን አንተን ነው የምድረው!" ብላኛለች። እሷ ስትቀልድ አታውቅም።

አምሳለና ስንዱ ገበያ በሄዱበት ቀን፣ በቀትር፣ ድቡ መጣ። የጉልላት ውሻ ሊጮኽ ተነሣና ግድግዳውን ሲፈልግ ድቡ አልፎት ገባ። ጓዳ ስደርስ ማድጋውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን ኡኡታ ዋጥኩትና በጣቴ ቆሜ ወጣሁ።

ጉልላት ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይሰፋል።

"ጎረቤት" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማነው እሱ?" አለ ቀና ሳይል። "አሃ! እሹሩሩ! ምን እግር ጣለህ?"

"ድብ ገብቶብኛል።"

"አይዞህ። አይተኸዋል ወይስ ድምፁን ሰምተህ ነው?"

"ማሬን ታቅፎ ተቀምጧል።"

"ማር? የምን ማር?"

መሬት መሬት እያየሁ፣ "የሰርግ" አልኩ።

"የማን ሰርግ?"

ጥሪ ስዞር መንደሩን በሙሉ ጠርቼ የእሱን ደጅ ዘልዬ ነበር ያለፍኩት። እሱም ያን ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"የስንዱ።"

"እንኳን ደስ ያለህ! እኛ ሩቅ ስለሆንን ነው መሰል ወሬው አልደረሰንም" አለና ተነሣ። ለክፋት ነው አልልም፤ ተነሣ። ገብቶ መቀነቱን ታጠቀ። ውሃ ተጉመጠመጠ። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ "የእሹሩ..." ሲል ዘልዬ አፉን ያዝኩት።

"በስሜ ጥራኝ!"

"ምን ሆንክ አንተ? ሰው በሚታወቅበት ስም ካልተጮኸ ቤቱን ማን ያገኘዋል?"

"ወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ጉልላት። አማቾቼ ይሰማሉ።"

"እንዲሰማ አይደል እንዴ የሚጮኸው!"

"ያኛው ቤት ብቻ በል።"

"ያኛው ቤት? ሕዝቡ ገጀራ ይዞ እኔ ቤት እንዲገባ ነው? ምረጥ፤ ማርህን ነው ወይስ ስምህን?"

ከጓዳዬ ማድጋ ሲሰበር ተሰማ። ሰው ሆኖ ስሙን የማይመርጥ ማን አለ? "ተወው" አልኩት። ጉልላትም መቀነቱን ፈቶ ወደ ጫማው ተመለሰ። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ ድቡ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እኔ እያየሁ እሱ በላ። ከጣሪያው የተንጠለጠለችው ቅል ላይ ብቻ አልደረሰም። ሲጨርስ እጁን ልሶ፣ እንዳዘነልኝ ሁሉ ራሱን ነቅንቆ፣ በበር ወጣ።

አምሳለ ከገበያ ስትመለስ ስብርባሪውን አየች።

"ድብ ነው" አልኩ።

"ማን ጮኸ?"

"ማንም።"

"ቢጮኽ ኖሮ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር እኮ፤ ማንም ካልጮኸ ድብ አልገባማ! አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ማር ምን አደረግኸው?"

በዚያው ሰሞን አፈ ጩኸት ለጉብኝት መጡ። አቤት አልኩ፤ ሹክ ብዬ ነው አቤት ያልኩት፤ እንደ ደንቡ።

"ተጮኸ?" አሉኝ።

"አልተጮኸም፤ ጌታዬ።"

"ያልተጮኸበት ድብ አልገባም" አሉ። ደግሞም በዚህ ዓመት በእኛ መንደር አንድም ጩኸት ስላልተሰማ፣ ድብ ከመንደራችን እየጠፋ መሆኑን በደስታ ገለጡ፤ ለዚህ ውጤት ያበቃን ዋናው ጯኺ ነው ብለው ለጉልላት ሁለተኛ መቀነት አስታጠቁት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማሩን የበላሁት እኔ መሆኔም በዚያው ተረጋገጠ። አንዳንዱ አዝኖልኝ፣ "እንዲያው ሆድህን አላመመህም?" ብሎ ጠየቀኝ።

ድቡ አፈ ጩኸት የተናገሩትን አልሰማም መሰለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። የእኔን ደጅ ሲያልፍ ወደ ጓዳው አሸተተ፤ የቀረችው ቅል ከፍ አለችበት መሰል፣ ትቶ ወደ ጉልላት ቤት ገባ። ቡላ እጅግ ከመስባቱ የተነሣ ተኝቶ ጭራውን ወዘወዘለት።

ጉልላት በአጥሩ ሾልኮ መጣ። ሁለቱንም መቀነት ታጥቋል። ያ ሁሉ ድምፅ ወዴት እንደገባ እንጃ፣ የሚናገረው በትንፋሽ ነበር።

"ጎረቤት... ጎረቤት፣ ገብቶብኛል።"

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩ። "አይተኸዋል ወይስ ድምፁን ሰምተህ ነው?"

"በናትህ! የቅቤ ቅሌን ይዞታል።"

"ቅቤ? የምን ቅቤ?"

"በሞቴ ጩኽልኝ!"

"እጮኻለሁ። መጀመሪያ አንተ በስሜ ጥራኝ።"

ጉልላት አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

"ስምህ... ማን ነበር?" አለኝ።

እየቀለደ አልነበረም። ቀልድ ቢሆን እቀየመው ነበር። አላወቀውም፤ አስቦ አስቦ አጣው።

"ወንድይፍራው" አልኩት።

"አንተ ነህ ወንድይፍራው?" አለ። ከቤቱ አንድ ነገር ወድቆ ተንኮታኮተ። "ወንድይፍራው፤ ጋሼ ወንድይፍራው፤ ጌታዬ ወንድይፍራው፤ ጩኽልኝ!"

ልቤ ተከፈተ። አጥሩን ዘልዬ፣ ደጁ ላይ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ዘመን የታፈነ ጩኸት ለቀቅኩት፤ "የጉልላት ቤት ድብ ገባበት!"

ድቡ ጆሮውን አቆመ። የቅቤ ቅሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። አዛጋ። እኔ በብርታት ደገምኩ። ድቡ መደቡ ላይ ወጥቶ፣ የጉልላትን ብርድ ልብስ ከስሩ አነጣጥፎ፣ ጎኑን አጋደመ። ስሠልስ ያንኮራፋ ጀመር።

ሕዝቡ ዱላውን ይዞ ሲደርስ ድቡ ተኝቷል። ጉልላት ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም!" ይላል። ቤቱን አውሬ ወርሶት እንኳ በነገሩ ተገረመ እንጂ አላዘነም።

አንዱ ዱላውን ሲያነሣ አንድ ሽማግሌ ያዙት። "የተኛን ትመታለህ? ቢነቃስ?" አፈ ጩኸት ተጠሩ። በጣታቸው ቆመው በበሩ አጮልቀው አዩና ፈረዱ፤ የገባ ድብ ወራሪ ነው፤ የተኛ ድብ ግን ነዋሪ ነው። ነዋሪ እንዳይነቃ ደግሞ በየቀኑ የሚያስተኛው ያስፈልጋል። ይኸው፣ ያን ቀን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በተሰደብኩበት ድምፅ ተሾምኩ። አስተኚ ተባልኩ። መቀነትም ታጠቅኩ፤ ከጉልላት ሁለት አንዱን አስፈትተው ነው የሰጡኝ፤ ይኼን ስናገር ደስታዬን አልደብቅም።

ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። "ቤት አልባውን የጮኸለት ያስጠጋው" ይላል ደንቡ። ጉልላት ጫማውን፣ የቅቤ ቅሉንና ያን ጉሮሮውን ይዞ እኔ ቤት ገባ።

ሰርጉ ደረሰ። ከቀረችው ቅል የተጣለው ጠጅ ከውሃ የሚለየው በቀለሙ ነበር፤ ቢሆንም ጠጅ ነው ብለን ቀዳን። አማቾቻችን ከወንዝ ማዶ እየዘፈኑ ሲመጡ እኔ ጓዳ ውስጥ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። የቀደመኝ ጉልላት ነው። ደጁ ላይ ቆመ፤ ከቤተ ሰቡ ተቆጥሯላ። ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁ ወንዝ ማዶ ተሻግሮ እስኪያስተጋባ፣

"እንኳን ወደ እሹሩሩ ቤት በደህና መጣችሁ!" አለ።

ዘፈኑ ቆመ። የሙሽራው አባት አጠገባቸው የነበረውን ሰው፣ "ቤት ተሳስተናል እንዴ?" ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም እየሳቀ ገባ። ጉልላት ሙሽሮቹ አጠገብ ተቀምጦ የጠጁን ሩብ ብቻውን ጠጣ፤ ሲጨርስ፣ "ቀጥኗል" አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ስሜን ላድን ማሬን ሰጠሁ፤ ማሬ ካለቀ በኋላ ስሜን ደግሞ በገዛ ደጄ ወሰዱት። ስንዱ ግን በሰላም ተዳረች፤ አማቿም ዛሬ መልእክት ሲልኩልኝ "ለአቶ እሹሩሩ" ብለው ነው፤ "አቶ"ዋን አልተዉአትም።

ክረምቱን በሙሉ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ድቡን አስተኛሁ። ከርከሮና ጃርት የገባባቸውም ሰዎች አባራሪ መጥራት ትተው እኔን መጥራት ጀመሩ፤ በየቤቱ መደቡ ላይ አውሬው፣ በረንዳው ላይ ባለቤቱ ይተኛል። ጩኸት የሚባል ጠፋ። አፈ ጩኸት እንዲህ ያለ ሰላም በአገሩ ታይቶ አይታወቅም እያሉ በየሄዱበት ይናገራሉ አሉ። እኔ ቤት ያለው ሰላም ግን ይለያል። ጉልላት በእኔ መደብ ላይ ይተኛል፤ ሲያንኮራፋ ድቡ እንዳይነቃብኝ እፈራለሁ። አምሳለ አንድ ቀን ወጥ እያወጣች፣ "ከሁለታችሁ እንግዳው የቱ ነበር?" አለች።

ክረምቱ ሲወጣ ብርድ መታኝ። አንድ ማለዳ የጉልላት ደጅ ላይ ቆሜ አፌን ብከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ድቡ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ። ተነሥቶ ተንጠራራ። ከስቷል፤ የራበው ይመስላል።

ቤቴ ገብቼ ጉልላትን ቀሰቀስኩት።

"ነቅቷል" አልኩት በሻከረ ድምፅ። "ጩኽ!"

"የት ነው ያለው?"

"አንተ ቤት።"

"ለገዛ ቤቴ ልጩኽ? ነውር አታውቅም?"

"እንግዲያስ ለእኔ ቤት ጩኽ፤ መምጣቱ አይቀርም።"

"የአንተ ቤት እኔ የምኖርበት አይደለም እንዴ? ወንድሜ፣ እኔ አሁን ጎረቤትህ አይደለሁም፤ ቤተ ሰብህ ነኝ።"

"ታዲያ ጎረቤታችን ማነው?"

ሁለታችንም በአጥሩ ቀዳዳ አየን። ድቡ በጉልላት በር ላይ ቆሞ ጀርባውን በመቃኑ ያካል። ቡላ አጠገቡ ተቀምጧል። ከዚያ ድቡ ፊቱን ወደ እኛ ቤት አዞረና አፉን ከፍቶ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት በየትኛውም ፈተና አልሰማሁም፤ የጉልላት እንኳ ከእሱ ጋር ሲተያይ እሹሩሩ ነው።

ሕዝቡ ከየበረንዳው ተነሣ። ዱላ ያለው ዱላውን፣ ገጀራ ያለው ገጀራውን ይዞ መጣ፤ የመጡትም ወደ እኛ ቤት ነው።

"የጮኸው እኮ ድቡ ነው!" አልኩ። ድምፄ ከፊት ከቆሙት አልፎ አልሄደም።

"ለራሱ ነው የጮኸው?" ብለው ጠየቁኝ ያኔ ዱላውን የያዙት ሽማግሌ።

"አይደለም፤ ወደ እኛ ዞሮ ነው።"

"ጎረቤትህ ነው?"

"አሁንማ... ነው።"

"እንግዲያ ለጎረቤቱ የሚጮኽ ምን አገኛለሁ ብሎ ይዋሻል?" አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ቤቱ አውሬ አለበት። በሉ፣ ክበቡት!"

ከበቡን። ዱላቸውን አንሥተው እኔንና ጉልላትን ተራ በተራ ያያሉ። "የቱ ነው?" አለ አንዱ። ጉልላት ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔም ከእሱ እኩል ቀስሬ ነበር። ግራ ሲገባቸው አምሳለን ጠሯት። ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን አጣምራ፣ ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ ታየን ጀመር።

"አንቺ ታውቂያለሽ፤ የቱ ነው?"

"ቆዩ፤ አታጣድፉኝ" አለች።

ይኸው እያሰበች ነው፤ እነሱም ዱላቸውን እንዳነሡ ናቸው። ድቡ በአጥሩ በላይ ያየናል። በእሱ ላይ ክፉ አልናገርም። ማሬን በልቷል፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን በዚህ አገር ውስጥ እሹሩሩ ሳይለኝ የጮኸልኝ እሱ ብቻ ነው።